ሮቶው በሌሊት ይጎድላል፣ የውሃ ሂሳቡም ጨምሯል፤ ግድግዳው መፍረስ አለበት?

ጥያቄ፦ «ቤታችን አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ የሚገኝ ባለ አንድ ፎቅ መኖሪያ ነው፤ ከተሠራ 14 ዓመት ሆኖታል። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት። ጣሪያ ላይ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ አለን። ከሦስት ወር ወዲህ ማታ ግማሽ ድረስ የነበረው ውሃ ጠዋት አልቆ የምናገኝበት ቀን በዝቷል፤ ሆኖም ግድግዳውም ወለሉም ደረቅ ነው። የውሃ ሂሳባችን ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የሻወሩ ውሃ ድሮም ደካማ ነበር፣ አሁን ብሶበታል። ከታች ካለው የእንግዳ መታጠቢያ ክፍል ደግሞ መጥፎ ሽታ ይመጣል። የጠራነው የቧንቧ ሠራተኛ በግድግዳ ውስጥ ያለው ቧንቧ በሙሉ ስላረጀ ሴራሚኩ ተነቅሎ መለወጥ አለበት አለን። የጠየቀን ገንዘብ ከባድ ነው። ምን ይመክሩናል?»

መልስ፦

ግድግዳውን ለጊዜው ይተዉት። ባለሙያው ተሳስቷል ማለቴ አይደለም፤ ቧንቧው በእርግጥ አርጅቶ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከጻፉልኝ ውስጥ ይህን የሚያሳይ ምልክት አላገኘሁም፤ የሚቃወመው ግን አለ። በግድግዳ ውስጥ የሚያፈስ ቧንቧ በሦስት ወር ውስጥ ቀለም ያስረግፋል፣ ሴራሚክ ያስለቅቃል፣ የታችኛውን ክፍል ኮርኒስ ቢጫ ያደርጋል። የሮቶዎ ግማሽ 1,000 ሊትር ነው። ይህን ያህል ውሃ በአንድ ሌሊት ጠፍቶ አንድም እርጥብ ቦታ ካልታየ፣ ውሃው ግድግዳዎ ውስጥ አልቀረም። ወይ ወደ ፍሳሽ መስመር ወርዷል፣ ወይ ከግቢው ወጥቶ ሄዷል።

ሌላው፣ አራቱን ችግሮች በአንድ ምክንያት ለማስረዳት አይቸኩሉ። የሮቶው መጉደልና የሂሳቡ መጨመር የሚዛመዱ ይመስለኛል። የሻወሩ ድካም ግን የራሱ ታሪክ አለው፤ ሽታው ደግሞ ከንጹህ ውሃ ቧንቧ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ግድግዳው በሙሉ ተፈልፍሎ አዲስ ቧንቧ ቢገባ እንኳ የእንግዳ መታጠቢያ ክፍሉ እንደሸተተ ይቀራል።

ከሂሳቡ እንጀምር። መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ንባብ ከቆጣሪው ጋር መስማማቱን ይዩ። በር ተዘግቶበት የተመለሰ አንባቢ በግምት ያስገባው ቁጥር በሚቀጥለው ወር ሲስተካከል ሂሳቡን ድንገት ሊያሳብጠው ይችላል። በአብዛኞቹ ቆጣሪዎች ላይ ጥቁሮቹ አኃዞች ሜትር ኪዩብ ናቸው፤ አንድ ሜትር ኪዩብ 1,000 ሊትር ነው፤ ቀዮቹ ከዚያ በታች ያለውን ያሳያሉ። የአዲስ አበባ የውሃ ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ሜትር ኪዩብ ዋጋም ከፍ የሚልበት በመሆኑ፣ ሂሳቡ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት የገባው ውሃ እጥፍ ሆነ ማለት ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ብሩን ትተው ሜትር ኪዩቡን ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ያነጻጽሩ።

ንባቡ ትክክል ሆኖ ፍጆታው በእርግጥ ጨምሮ ከሆነ፣ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ቆጣሪው የሚቆጥረው ከመንገዱ መስመር ወደ ግቢዎ ያለፈውን ውሃ ብቻ ነው። ሮቶ ውስጥ ያለው ውሃ ከወዲሁ ተቆጥሯል። ሮቶው ባዶ ሲሆን ሂሳብ አይጨምርም፤ የሚጨምረው እንደገና ሲሞላ ነው። ስለዚህ የጠፋውን ውሃ ሁለተኛ ጊዜ እየገዙት ነው ማለት ነው።

አሁን ዋናውን ጥያቄ ልጠይቅዎት፦ ሮቶው የሚጎድለው ውሃ በሚመጣበት ሌሊት ነው ወይስ በማይመጣበት? ይህን እስካሁን ለይተው አላዩት ይሆናል። ውሃ በሌለበት ሌሊት ብቻ የሚጎድል ከሆነ እኔ የምጠረጥረው አንዲት ትንሽ የነሐስ ዕቃን ነው፤ ቼክ ቫልቭን።

በከተማችን አብዛኞቹ ቤቶች የተዘረጉት እንዲህ ነው። ከቆጣሪው የሚመጣው መስመር በአንድ በኩል ወደ ሮቶ ይወጣል፣ በሌላ በኩል ደግሞ በቀጥታ ከቤቱ መስመር ጋር ይገናኛል። ውሃ ሲመጣ ቤቱ በመንገዱ ግፊት ይጠቀማል፤ ሲጠፋ ከሮቶው ይወርድለታል። ከሮቶው የወረደው ውሃ ተመልሶ ወደ መንገዱ እንዳይሄድ ከቆጣሪው ቀጥሎ ቼክ ቫልቭ ይገጠማል። ውስጡ ያለው ትንሽ ክዳን ውሃ ወደ ቤት ሲመጣ ይከፈታል፣ ወደ ኋላ ሊሄድ ሲል ይዘጋል። ክዳኑ ሥር አንዲት ጠጠር ወይም የዝገት ቅርፊት ከተሰነቀረች ግን አይገጥምም። መንገድ ሲቆፈርና መስመር ሲጠገን ደግሞ ጠጠርና ጭቃ ወደየቤቱ መግባቱ የተለመደ ነው። ከዚያ በኋላ የመንገዱ መስመር ባዶ በሆነ ቁጥር የእርስዎ ሮቶ ወደ መንገዱ ይፈስሳል፤ ዝቅ ብሎ ያለ ጎረቤት «ዛሬስ ያለ ፈረቃችን ውሃ መጣ» ብሎ ባልዲውን ይሞላል። እርስዎ ቤት ምንም አይረጥብም፣ ምንም ድምፅ አይሰማም። እንደ ዓይነቱ ቆጣሪው ወደ ኋላ ሊዞር ይችላል፣ ላይዞርም ይችላል፤ ካልዞረ ኪሳራው ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ነው።

ሮቶዎ ከላይ ብቻ የሚሞላ ከሆነ፣ ማለትም መስመሩ ከውሃው ወለል በላይ ገብቶ በፍሎተር (ሮቶው ሲሞላ በሚንሳፈፍ ኳስ በሚዘጋ ቫልቭ) የሚዘጋ ከሆነና ቤቱ ከመንገዱ መስመር ጋር ቀጥታ ግንኙነት ከሌለው፣ ይህ ሊደርስ አይችልም። ነገር ግን አንዳንድ ሠራተኞች ውሃው ሲወርድ እንዳይጮህ ብለው ከፍሎተሩ ሥር ቱቦ ሰክተው እስከ ታች ያወርዱታል። ያ ቱቦ ጫፉ ውሃ ውስጥ ስለጠለቀ መስመሩ ባዶ ሲሆን ሮቶውን መልሶ ሊመጠው ይችላል። ጣሪያ ላይ ሲወጡ ይህንንም ይመልከቱ።

ፈተናው ቀላል ነው፤ ዕቃም ገንዘብም አይፈልግም። ውሃ በሌለበት ማታ ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለውን መዝጊያ ይዝጉ። ሮቶው ላይ የውሃው ከፍታ የደረሰበትን ምልክት ያድርጉ፤ ሮቶው ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ ደረቅ እንጨት ወደ ውስጥ አውርደው የረጠበበት ላይ ያስምሩ። ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ የሚጠቀም ሰው እንዳይኖር ይንገሩ። ጠዋት መጠኑ ካልተነካ ጉዳዩ ተፈትቷል፤ ውሃው ወደ መንገድ እየሄደ ነበር። ቼክ ቫልቩ ይለወጥ። ሥራው የግማሽ ቀን ነው፣ የሚፈርስ ነገር የለም። አዲሱ ሲገጠም አካሉ ላይ ያለው ቀስት ወደ ቤቱ ማመልከቱን በዓይንዎ ያረጋግጡ፤ ቀስቱ ተገልብጦ የተገጠመ ቫልቭ ቤቱን ያለ ውሃ ያስቀረበት ጊዜ አለ። ክዳኑ በራሱ ክብደት የሚዘጋው ዓይነት ደግሞ ተጋድሞ ወይም ውሃው ወደ ላይ በሚወጣበት ቦታ ላይ ብቻ ነው በትክክል የሚሠራው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። መዝጊያው የቆየ ጌት ቫልቭ (እጀታው ብዙ ጊዜ የሚዞር ዓይነት) ከሆነ እስከ መጨረሻው ዞሮም ላይዘጋ ይችላል፤ ያኔ ፈተናው ይዋሻል። ውሃ በሚመጣበት ሰዓት ዘግተውት ከእሱ ቀጥሎ ያለውን የግቢ ሩቢኔት ከፍተው ያረጋግጡ፤ ሮቶው ሊያወርድለት ስለሚችል የሮቶውንም መውጫ አብረው ይዝጉ። ሩቢኔቱ መንጠባጠቡን ካላቆመ መጀመሪያ መዝጊያው በቦል ቫልቭ (በሩብ ዙር በሚዘጋ ዓይነት) ይተካ። ቆጣሪው ራሱና ከእሱ በፊት ያለው መስመር የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ንብረት ስለሆነ እዚያ ላይ ማንም ሠራተኛ መፍቻ አያንሣ፤ ችግር ካለ ለቅርንጫፉ ማመልከት ነው።

መዝጊያው ተዘግቶም ሮቶው ከጎደለ ፍለጋው ወደ ቤት ይገባል። በማግስቱ ማታ የሮቶውን መውጫ ራሱን ዘግተው ይደሩ። አሁንም ከጎደለ ሮቶው ተሰንጥቋል ወይም ሥሩ ያለው መጋጠሚያ ያፈስሳል፤ መጉደሉን ካቆመ ውሃው የሚጠፋው ከመውጫው በታች ነው። በዚህ መንገድ መዝጊያ እየዘጉ መሄድ ግድግዳ እየሰበሩ ከመሄድ ይሻላል። የወጥ ቤቱ፣ የላዩና የታቹ መታጠቢያ ክፍል የየራሳቸው መዝጊያ ካላቸው በአንድ ሌሊት አንዱን ዘግቶ ማደር ነው።

የሽንት ቤት ፍላሽን ሁሉም ሰው መጀመሪያ ይጠረጥራል፤ እኔም አልተወውም፣ ግን ቁጥሩን እንይ። 1,000 ሊትር በ10 ሰዓት ለመውረድ በደቂቃ ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ መፍሰስ አለበት። ይህ በጸጥተኛ ሌሊት ከመኝታ ቤት ይሰማል። ስለዚህ የሌሊቱ ዋና ተጠርጣሪ ፍላሽ አይመስለኝም። ለሂሳቡ መጨመር ግን ድርሻ ሊኖረው ይችላል። በደቂቃ አንዲት የ250 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ ብቻ በዝምታ የሚያሳልፍ ፍላሽ በሰዓት 15፣ በቀን 360 ሊትር ያፈስሳል፤ በወር ወደ 11 ሜትር ኪዩብ ይጠጋል። ማወቂያው፣ ማታ የፍላሹን ክዳን አንሥተው ጠቆር ያለ የሻይ ውሃ ወይም የምግብ ቀለም ያፍስሱበትና ግማሽ ሰዓት ሳይነኩት ይተዉት። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ከቀለመ ሥሩ ያለው ጎማ አይገጥምም ማለት ነው። ጎማውን አውጥቶ ማጠብ ብቻ የሚበቃበት ጊዜ አለ፤ ከደረቀ ወይም ከተጣመመ ይለወጣል። ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ የአንዱ ፋብሪካ ለሌላው አይሆንም።

እስካሁን ያልኩት ውሃ በሌለበት ሌሊት ስለሚጠፋው ነው። ውሃ በሚመጣበት ሌሊት ደግሞ ሌላ ቀዳዳ አለ፤ ፍሎተሩ። ሮቶው ሲሞላ ኳሱ ተንሳፍፎ መግቢያውን መዝጋት አለበት። በሌሊት ከተማው ስለሚተኛ የመስመሩ ግፊት ይጨምራል። ከአቃቂ ሜዳ እስከ እንጦጦ ሥር ያለው የከፍታ ልዩነት በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር መሆኑን ያስቡ፤ እያንዳንዱ 10 ሜትር ወደ አንድ ባር የሚጠጋ ግፊት ይጨምራል። ቀን ላይ የሚዘጋ ያረጀ ፍሎተር ይህን ግፊት በሌሊት ላይችለው ይችላል፤ ትርፉ ውሃ በትርፍ ማስወጫው ቱቦ ይወርዳል። የብዙ ቤቶች ጉድ ደግሞ ይህ ቱቦ ከጣሪያው የዝናብ መውረጃ ጋር መጣመሩ ነው። ውሃው ሲነጋጋ ያቆማል፣ መውረጃው በቀጥታ ወደ ማንሆል ይገባል፣ ያየ የለም። እኔ ሮቶ ስገጥም የትርፉን ቱቦ ጫፍ ሆን ብዬ በር አካባቢ፣ የሚያልፍ ሰው ልብስ ላይ ሊንጠባጠብ በሚችልበት ቦታ አወጣዋለሁ። ባለቤቶቹ መጀመሪያ ይቆጣሉ። ቢቆጡም፣ የሚያናድድ ፍሳሽ በማግስቱ ይጠገናል፤ የማይታይ ፍሳሽ ግን ዓመት ይከርማል።

ከፍሎተሩ ሌላ፣ ውሃ በሚመጣበት ሰዓት ቆጣሪውን ራሱን ይፈትኑ። ወደ ሮቶ የሚወጣውን መስመርና ሩቢኔቶቹን በሙሉ ዘግተው የቆጣሪውን ትንሽ ተሽከርካሪ ምልክት ይመልከቱ። የምትዞር ከሆነ በቆጣሪውና በቤቱ መካከል፣ አፈር ሥር የተቀበረው ቧንቧ የሚያፈስስ ሊሆን ይችላል። ግን ውሃው እንደመጣ ወዲያው አይፈትኑ፤ ባዶ የነበረው መስመር መጀመሪያ አየር ይገፋል፣ አየርም ቆጣሪ ያሽከረክራል። ውሃው ረግቶ መምጣት እስኪጀምር ይጠብቁ።

ውሃ በጠፋበት ሰዓት ተከፍቶ የተረሳ ሩቢኔትንም አልረሳሁም። ይህን በሽታ የማያውቅ የአዲስ አበባ ቤት የለም። ውሃ ከሌለ የተከፈተውን ወዲያው መዝጋት የሚያስተምሩት ለልጆች ብቻ አይደለም።

ወደ ሻወሩ ልሂድ። ሮቶው ከሻወሩ አናት በሁለት ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ከሆነ የሚያገኙት ግፊት 0.2 ባር ገደማ ነው። ይህን ቧንቧ መለወጥ አይጨምረውም፤ ግፊት የሚመጣው ከከፍታ ወይም ከፓምፕ ነው። «ድሮም ደካማ ነበር» ያሉት በዚህ ይገለጻል። «አሁን ብሶበታል» የሚለው ግን መዘጋትን ይጠቁማል። መጀመሪያ የሻወሩን ራስ ፈትተው ያለ ራሱ ያስኪዱት። ውሃው ከበረታ ቀዳዳዎቹ በደለልና በነጭ ድንጋያማ ቅርፊት ተደፍነዋል፤ አንድ ሌሊት ሆምጣጤ ውስጥ አሳድረው በመርፌ ይክፈቱት። ቀጥሎ ቀዝቃዛውንና ሙቁን ለየብቻ ያወዳድሩ። ሙቁ ብቻ ደካማ ከሆነ ችግሩ ማሞቂያው መግቢያ ላይ ነው። ሁለቱም ከደከሙ የሮቶው መውጫ መዝጊያ ግማሽ ተዘግቶ ወይም ሥሩ ደለል ሞልቶት ይሆናል።

የቧንቧ ሠራተኛው ትክክል ሊሆን የሚችለው እዚህ ላይ ነው። ቤቱ የተዘረጋው በብረት ቧንቧ ከሆነ ብረቱ ከውስጥ እየዛገ ይጠባል፤ ግማሽ ኢንች የነበረው የእርሳስ ውፍረት ያህል ቀዳዳ ቀርቶት ያየሁት ብዙ ነው። መለያው ማግኔት ነው፤ ከማሞቂያው ኋላ ወይም ከሲንኩ ሥር ወጣ ብሎ በሚታየው ቧንቧ ላይ ያስጠጉት። ማግኔት ከያዘና ጠዋት የመጀመሪያው ውሃ የዝገት ቀለም ካለው፣ መለወጡ አይቀርም። አረንጓዴ ወይም ነጭ የፕላስቲክ ቧንቧ፣ ፒፒአር የሚባለው ከሆነ ግን 14 ዓመት ዕድሜ «አርጅቷል» አያሰኝም። ፒፒአር የሚበላሸው ሲገጠም ነው። በ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ አቅልጠው ሲያገናኙት ሠራተኛው ከልክ በላይ ካሞቀው ወይም ከገፋው ቀልጦ የተረፈው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ መተላለፊያውን ያጠብባል። ያ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚታይ እንጂ ከሦስት ወር ወዲህ የሚመጣ አይደለም።

ፓምፕ ለመግጠም ካሰቡ ከሮቶው መውጫ በኋላ ይግጠሙት። ከመንገዱ መስመር ላይ በቀጥታ መሳብ ጎረቤትን ውሃ መንፈግ ብቻ አይደለም፤ ባዶ መስመር ሲመጠጥ በየስንጥቁ ያለውን የቆሸሸ ውሃ ይዞ ይመጣል። ከምድር ሥር ማጠራቀሚያ የሚስቡ ከሆነ ደግሞ ከፍታችንን ያስታውሱ። በባሕር ጠለል ላይ ፓምፕ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ከ10 ሜትር ጥልቀት ሊስብ ይችላል፤ አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ይህ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል፣ በተግባር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ካታሎግ ላይ ያለውን ቁጥር አምነው የገዙ ሰዎች «ፓምፑ ተበላሽቷል» ብለው የሚመልሱት በዚህ ምክንያት ነው።

ሽታውን በባልዲ ይሞክሩት። የእንግዳ መታጠቢያ ክፍል ብዙ ጊዜ ሥራ ይፈታል። በወለሉ ማፍሰሻ ሥር፣ በእጅ መታጠቢያው ሥርና በሽንት ቤቱ ውስጥ ያለው የሲፎን ጉልበት ሁልጊዜ ውሃ ይዞ የፍሳሹን አየር የሚዘጋ ነው። ሳምንታት ሳይነካ ሲቆይ፣ በተለይ በበጋ፣ ውሃው ተንኖ ያልቅና ከማንሆሉ የሚመጣው አየር ቤት ይገባል። በእያንዳንዱ ማፍሰሻ አንዳንድ ባልዲ ውሃ አፍስሰው ቀኑን ይጠብቁ። ሽታው ከጠፋ በየሁለት ሳምንቱ እንዲሁ ያድርጉ። በአንድ ቀን ውስጥ ከተመለሰ ላይ ያለው ሽንት ቤት ሲለቀቅ ታች ያለው ማፍሰሻ ይጉረመረም እንደሆነ ያዳምጡ። ካጉረመረመ የአየር መውጫው ቱቦ ተደፍኗል ወይም ጭራሽ አልተገጠመም፤ ከላይ የሚወርደው ውሃ የታችኛውን ሲፎን እየመጠጠ ያደርቀዋል። ይህ ቱቦ ከጣሪያ በላይ ወጥቶ ለአየር ክፍት መሆን አለበት። ወፍ ጎጆ ሠርታበት፣ ወይም ጣሪያ ሲጠገን በሲሚንቶ ተደፍኖ ይገኛል። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቱቦ ያለ ሲፎን በቀጥታ ወለሉ ውስጥ ተሰክቶ ዙሪያው በጨርቅ የተጠቀጠቀበት ቤትም ብዙ ነው፤ ጨርቅ ሽታ አይዘጋም።

ሳይጠይቁኝ ስለ ወጥ ቤቱ ሲንክ አንድ ነገር ልበል። የእኛን ቤት ሲንክ የሚደፍኑት የቡና አተላ፣ የሊጥ እጣቢና ቅቤ ናቸው፤ ሦስቱ ከተገናኙ ደግሞ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራሉ። ትኩስ ውሃ ማፍሰስ ቅቤውን አቅልጦ ትንሽ ራቅ አድርጎ ያረጋዋል እንጂ አያጠፋውም። አተላው ለአትክልት ይሁን፣ የሊጡ ዕቃ እጣቢ ውጭ ይደፋ፣ ድስቱ ከመታጠቡ በፊት በወረቀት ይጠረግ። ሲንኩ ከተደፈነ ሥሩ ያለውን ሲፎን በባልዲ ላይ ፈትቶ ማጠብ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ከሱቅ የሚገዛ አሲድ ማፍሰስን አልወድም፤ የግድ ከሆነም በረኪና ባለፈበት ቧንቧ ላይ በፍጹም አይሁን። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል።

ሮቶው ባዶ የሚያድርበት ቤት ውስጥ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የውሃ ማሞቂያው ነው። ውሃ ሳይኖረው በመብራት ላይ የቆየ ማሞቂያ ዘንጉ ይቃጠላል፤ ይህ ገንዘብ ነው። ከዚያ የሚብሰው ከመግቢያው ሥር ያለችው የደኅንነት ቫልቭ ነገር ነው። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 65 ዲግሪ ሲሞቅ አንድ ሊትር ለሚሆን ትንሽ ሲቀረው ይሰፋል፤ የሚሄድበት ካጣ ቫልቩ ጠብ ጠብ እያደረገ ያስወጣዋል። ሲሞቅ ብቻ የሚንጠባጠብ ከሆነ ጤናማ ነው። «ያፈስሳል» ብለው በቡሽ የሚደፍኑት ወይም በተራ መጋጠሚያ የሚተኩት ሰዎች ግድግዳቸው ላይ ፈንጂ ሰቅለዋል። የመሬት ሽቦ የሌለው ማሞቂያ፣ በተለይም ሻወሩ ራስ ላይ የሚገጠመው ዓይነት፣ አንድም ቀን መብራት ላይ ሆኖ አይታጠቡበት። ቧንቧ ሲነኩ እጅ የሚነዝር ከሆነ ወዲያው ብሬከሩን አጥፍተው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጥሩ። ከመስመሩ ሾልኮ የሚወጣ ኤሌክትሪክ ሲኖር የሚቆርጥ ብሬከር ለዚህ መስመር ማስገጠም ከማንኛውም ሌላ ወጪ መቅደም አለበት።

ጣሪያ ላይ ከወጡ አይቀር የሮቶውን ውስጥ ይዩት። 14 ዓመት ሳይታጠብ የቆየ ከሆነ ሥሩ የተኛው ደለል ለብዙው ችግር ምንጭ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱን ከክረምት በኋላ፣ ይታጠብ። ፈረቃ ሊመጣ ሲል ውሃው እንዲያልቅ አድርገው በብሩሽና ያለ ሳሙና ይፈትጉት፣ ደለሉን በማጠቢያው ቀዳዳ ያስወጡት፣ ወደ መስመሩ አይልቀቁት። ከዚያ ለእያንዳንዱ 1,000 ሊትር ውሃ አንድ ሊትር ሽታ የሌለው 5 በመቶ በረኪና ጨምረው ያሳድሩትና ይድፉት። 2,000 ሊትር መድፋት ለሚቆጭ ቤት ከ200 ሊትር ውሃ ጋር የሁለት ብርጭቆ ያህል በረኪና ቀላቅሎ ግድግዳውን ደጋግሞ መለቅለቅ ይበቃል፤ ቀጥሎ በንጹህ ውሃ ይለቅለቅ። ወደ ሮቶ የሚገባ ሰው ብቻውን አይሁን፣ በረኪናውም ሰው ውስጥ እያለ አይፍሰስ። ክዳኑ ጥብቅ ብሎ ይገጠም፤ ብርሃን የገባበት ውሃ አረንጓዴ ያበቅላል።

በየመታጠቢያው ሥር ያሉት ተጣጣፊ ቱቦዎች ላይ የዝገት ነጥብ ወይም የተበጠሰ ሽቦ ካዩ ሳይፈነዱ ይለውጧቸው። መዝጊያዎችን ሁሉ በዓመት ሁለት ጊዜ ዘግተው ይክፈቱ፤ ካልተነኩ ይጣበቃሉ፣ በሚያስፈልጉበት ሌሊት እምቢ ይላሉ። ከከተማ ሲወጡ ዋናው ይዘጋ።

ከፈተናዎቹ በኋላ ውሃው በእርግጥ ከግድግዳ ውስጥ የሚጠፋ ሆኖ ከተገኘ እንኳ ቤቱ በሙሉ አይፈርስም። ሠራተኛው የተጠረጠረውን መስመር ለይቶ፣ ጫፎቹን ደፍኖ፣ በእጅ ፓምፕ ግፊት ሞልቶ መለኪያው ይወርድ እንደሆነ ያሳይዎት። መለኪያው ካልወረደ ያ መስመር ደህና ነው፤ ከወረደ የሚፈለፈለው ያ ብቻ ነው። አንዳንዴ ደግሞ አሮጌውን እዚያው ቀብሮ አዲስ ቧንቧ በውጭ ግድግዳ ማሳለፍ ይረክሳል፤ መልኩ ባያምርም እኔ እመርጠዋለሁ። አዲስ መስመር ከገባ ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት ከሚሠራበት ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ ተሞልቶ ይፈተን፣ ፎቶግራፉም ከግድግዳው ጫፍ ያለው ርቀት ተለክቶበት ይቀመጥ። ይህን ፈተና «አያስፈልግም» የሚል ሠራተኛ ካጋጠመዎት ሥራውን ለሌላ ይስጡት።

ከዚህ ሁሉ ለዚህ ሳምንት የሚበቃዎት፣ ውሃ በሌለበት ማታ ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለውን መዝጊያ ዘግቶ ማደርና የሻይ ውሃውን ፍላሹ ውስጥ ማፍሰስ ነው። የሮቶው ምልክት ማታና ጠዋት የት እንደነበረ፣ ቧንቧው ማግኔት መያዝ አለመያዙን ጽፈው ይላኩልኝ፤ ያኔ ለሠራተኛው ምን ብለው እንደሚያዙት እነግርዎታለሁ። እስከዚያው ቅድመ ክፍያ እንዳይሰጡ።